አንቴና ከመትከላችን በፊት

ይህን ጽሑፍ በእረፍት ቀኗ ቁጭ ብላ የምታነበው አለች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ በስልክ የምታየው አለች፣ ሌላ ሰው የሚያነብላትም አለች። ለሁላችሁም ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዷ እህታችን ተነስታ "ለምን የራሳችን ሬዲዮ ጣቢያ አይኖረንም?" አለች። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። የምታውቀው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ ትንሽ ማሰራጫ ተገዝቶ ጣራ ላይ ሽቦ ከተዘረጋ በቂ ነው ብሏታል። ኤፍ ኤሙ በጣቢያ ስለተጨናነቀ አይሆንም፤ መካከለኛ ሞገድ የሚባለው ላይ ግን፣ ቀስቱ መጨረሻ ላይ ከ1600 በላይ ያለው ቦታ ባዶ ስለሆነ እዚያ ብንገባ ማንም አይነካንም አላት። ግማሾቻችን ወዲያው ገንዘብ እናዋጣ አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ፈራን። ይህን ጋዜጣ የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ "አንቺ አጣሪና ጻፊ" ተባልኩ።

እኔ አስር ክፍል ነው የጨረስኩት። ዘጠኝና አስርን ፊዚክስ በፕላዝማ ነው የተማርኩት፤ እሱም መብራት ሲኖር። ሆኖም የቻልኩትን ያህል ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። መልሴን መጀመሪያ ልንገራችሁና ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። አንቴናውን አንትከል። ሐሳቡን ግን አንጣለው።

በመጀመሪያ ያቺ እህታችን ያነሳችው ነገር ለምን ቀልድ እንዳልሆነ ልናገር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 መስከረም መጨረሻ ጦርነቱ ሲብስ የት እንደነበራችሁ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እኔ ከተይታ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ልጆቿ "ሁለት ቀን ነው" ብለው ወደ ተራራው ወጡ። ተይታ ደግሞ "ከቤቴ አልወጣም" አለች። ዶውላ የለም፣ እሽቲራኩም ናፍጣ አለቀ ተብሎ ጠፋ። ስልኬ ሞተ። ቤት ውስጥ የሚናገር ነገር ቢኖር የተይታ አሮጌ ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ በአራት የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረች። ድንጋዩ ሲደክም አባቴ ወሎ እያለን እንደሚያደርገው በረንዳ ላይ ፀሐይ አሞቀው ነበር። ተይታ "ምን እያደረግሽ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ትንሽ ሠራ።

ሬዲዮው ቶሎ ቶሎ ይናገራል። የወጥ ቤት አረብኛ አውቃለሁ፤ "አምጪ"፣ "ውሰጂ"፣ "ለምን ዘገየሽ" አያመልጠኝም። የዜናው አረብኛ ግን ሌላ ነው። አንድ ቃል ይደጋግማል፦ "ኢኽላ፣ ኢኽላ"። ተይታን ጠየቅኳት። "ልቀቁ ማለት ነው" አለችኝ። የሚለቀቁት ሰፈሮችና ሕንጻዎች ስም እየተጠራ ነው። የእኛ የለበትም። እኔ ተነፈስኩ። ከዚያ ፊት ለፊታችን ያለው በረንዳ ትዝ አለኝ።

እዚያ አንዲት አገሬ ልጅ አለች። ከመጣች ገና ስድስት ወሯ። ስልክ አልሰጧትም። አሠሪዎቿ ሲወጡ በሩን ከውጭ ቆልፈውባት ሄደዋል። ቦምቡ ሲወድቅ የት እንደወደቀ አታውቅም፣ ቀጥሎ የት እንደሚወድቅም አታውቅም፣ ማን እንደሚመታም አታውቅም። ልብስ ማስጫው ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሬዲዮው ያለውን እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ እነግራት ጀመር። "የእኛ ሰፈር አልተጠራም! ከመስታወት ራቂ! ኮሪደር ላይ ተኚ!" ሌሊቱን ሁሉ እንዲያ አደርን። ሲነጋ ናጡሩን ለምኜ በነበረው ትርፍ ቁልፍ ከፈተላት።

በደቡብ በኩልም እንደዚሁ በር ተቆልፎባቸው የቀሩ እህቶች ነበሩ። ታውቃላችሁ። ስለዚህ "ጣቢያ ይኑረን" ያለችው ልጅ ዝና ፈልጋ አይደለም። ስልክ የሌላት፣ ቋንቋውን የማትሰማ፣ በር የተቆለፈባት ሰው ጆሮ ጋ እንዴት እንድረስ ነው ጥያቄዋ። ይህ ጋዜጣ ራሱ እዚያ አይደርስም።

አሁን ወደ ሬዲዮው ነገር ልሂድ። ልጁ የነገራት ከፊሉ እውነት ነው።

መካከለኛ ሞገድ ድሮ ቀስቱ ወደ 1600 ኪሎኸርዝ ግድም ሲደርስ ያበቃ ነበር። በ1979 አገሮች ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ለአሜሪካ አህጉር እስከ 1705 ድረስ አስረዘሙት። በ1988 ሪዮ ዲ ጃኔሮ ላይ አጠቃቀሙ ተወሰነ። በዚህ ጭማሪ ላይ ከ1610 እስከ 1700 አስር መስመር ይገኛል። አውስትራሊያም ከ1611 እስከ 1701 ያለውን ለትንንሽ ጣቢያዎች ትሰጣለች።

ለትንሽ ሰው ይህ ጫፍ ለምን ተመቸ ብትሉ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሞገዱ ያጥራል። በ540 ላይ አንዱ ሞገድ 556 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1650 ላይ 182 ሜትር ገደማ። ጥሩ አንቴና የሞገዱን ሩብ ያህል መሆን ስላለበት፣ ታች 139 ሜትር ምሰሶ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ 45 ሜትር ይበቃዋል። አርባ አምስትም ቢሆን ጣራችን ላይ አይቆምም። በአጭር ሽቦ መሥራት ይቻላል፣ ግን አብዛኛው ጉልበት ይባክናል።

በአሜሪካ ከ1977 ጀምሮ የመንገደኛ ጣቢያ የሚባል አለ። ጉልበቱ ከ10 ዋት አይበልጥም፤ ወጥ ቤታችን ውስጥ እንዳለው አንድ አምፖል ማለት ነው። መንገድ ዳር "ሬዲዮዎን 1610 ላይ ያድርጉ" የሚል ሰሌዳ ይቆማል። ሾፌሩ ሲከፍት ድልድዩ ተዘግቷል፣ ማዕበል እየመጣ ነው፣ ፓርኩ ሞልቷል ይለዋል። ዘፈን የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ትንሽ ሲነዳ ድምጹ ይጠፋል፤ መጥፋቱም ልክ ነው፣ ወሬው ለዚያ ቦታ ብቻ ነዋ። እዚያው አገር ደግሞ ከአንድ ዋት አንድ አስረኛ በማይበልጥ ጉልበትና ከሦስት ሜትር በማይበልጥ አንቴና ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ይችላል። ሰፈር ውስጥ ብቻ ይሰማል።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን የአውስትራሊያው ነው። ሲድኒ ከተማ በዚሁ በቀስቱ ጫፍ፣ በ1620 እና በ1638፣ በአረብኛ የሚያወሩ ጣቢያዎች አሉ። የተይታ ታናሽ ወንድም ሲድኒ ነው የሚኖረው። በየእሁዱ ሲደውል ከኋላው አረብኛ ሬዲዮ ይሰማል። እኔ ሁልጊዜ ከዚህ የሚሰማ ነበር የሚመስለኝ። ለካስ የእነሱ የስደተኞች ሬዲዮ ነው! የእኛ አሠሪዎች ዘመዶችም በሰው አገር ሲሆኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በገዛ ቋንቋቸው ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ የትኛው ሱቅ ዘይቱን ቀነሰ የሚል ድምጽ ይፈልጋሉ። ይህን ለተይታ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ጉርበት ከባድ ነው" አለችኝ። ጉርበት ስደት ማለት ነው። ስለ ወንድሟ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅኳትም።

ሌላም ልጨምር። በሆላንድ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ከመካከለኛ ሞገድ ሲወጡ መንግሥት ቦታውን ለትንንሾች ከፈተው። በ2015 ትልቁ የ747 ጣቢያ ተዘጋ፤ አሁን በ1 ዋትና በ100 ዋት ፈቃድ አውጥተው የሚያሰራጩ ተራ ሰዎች አሉ። በእኛም አካባቢ ትልልቆቹ እየወጡ ነው። ተይታ ስትሰማው የኖረችው የለንደኑ አረብኛ ሬዲዮ በ1938 ተጀምሮ፣ 85 ዓመት ሠርቶ በጥር 2023 ተዘጋ። የዚያን ቀን ተይታ ዘመድ እንደሞተባት ሆና ዋለች።

እኛን የሚመስሉ ሰዎች ግን ያሉት ፍሎሪዳ ውስጥ ኢሞካሊ የምትባል ከተማ ነው። ቲማቲም ለቃሚዎች ናቸው፤ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሄይቲ የመጡ። በ2003 ከሌላ ቦታ የመጡ በጎ ፈቃደኞች አግዘዋቸው የራሳቸውን ጣቢያ ሠሩ። ይሄኛው በኤፍ ኤም ነው፣ 107.7 ላይ፣ አነስተኛ ጉልበት ያለው። በስፓኒሽ ብቻ ሳይሆን በትንንሾቹ የአገራቸው ቋንቋዎችም ያወራሉ። ስለ ደመወዝና ስለ መብት የሚናገሩት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ፣ አልደብቃችሁም። ለአንድ ቀን ያህል እኔም "እንትከለው!" ባዮች ጋ ነበርኩ።

ታዲያ ለምን አንትከል እላለሁ?

አንደኛው፣ ያ ባዶ ቦታ የእኛ አይደለም። ለአውሮፓ፣ ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ለሬዲዮ ጣቢያ የተሰጠው መካከለኛ ሞገድ 1606.5 ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ለሌላ ሥራ ነው። ልጁ "ባዶ ነው" ያለው ስላልሰማበት ነው።

ሁለተኛው፣ ሕጉ። በዚህ አገር በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን እያንዳንዱ ታጣቂ የራሱ ጣቢያ ነበረው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1994 ቁጥር 382 የሚባል ሕግ ወጣና ጣቢያ ያለ ፈቃድ አይሠራም ተባለ። በሆላንድም በግሪክም ከ1600 በላይ ያለ ፈቃድ የሚያሰራጩ ሰዎች አሉ። እነሱ ግን ቢያዙ የገዛ አገራቸው ነው፤ ይቀጣሉ፣ ዕቃቸው ይወሰዳል፣ ቤታቸው ገብተው ያድራሉ። እኛ ብንያዝስ? ሬዲዮ ማሰራጫ ራሱ "እዚህ ነኝ" ብሎ የሚጮህ ዕቃ ነው፤ መሣሪያ ያለው ሰው አቅጣጫውን ተከትሎ ጣራው ድረስ ይመጣል። የሚያገኘው ደግሞ ኢቃማ የሌላት፣ ከአሠሪዋ የወጣች፣ ክፍሉን የተከራየችውን እህታችንን ነው። በጦርነት ሰዓት በማይታወቅ ቋንቋ የሚያወራ ድብቅ ማሰራጫ ይዛ ብትገኝ ማን ነው "ስለ ደመወዝ ነበር የምናወራው" ብላ የምታስረዳላት? ገንዘቡን ሁላችንም እናዋጣለን፣ የምትታሰረው ግን አንዷ ናት። ይህን ተመካክረን ሳይሆን ሳናስበው ብናደርገው በደል ነው።

ሦስተኛው፣ ቢሳካም የምንፈልጋት ልጅ ጋ አይደርስም። ማታ ማታ መካከለኛ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ እየተመለሰ ከሩቅ አገር ስለሚመጣ ትንሹን ጣቢያ ይውጠዋል። ቀን ደግሞ የሕንጻው ብረትና ሲሚንቶ ያፍነዋል። ከዚያም በላይ ያቺ በር የተቆለፈባት ልጅ ሬዲዮ የላትም። ድምጽ ብንልክላት በምን ትስማው?

እዚህ ጋ ነው ሐሳቡን አንጣለው ያልኩት። የሚጎድለን ማሰራጫ ሳይሆን መስሚያና ጎረቤት ነው። የማሰራጫውን ገንዘብ በሚከተሉት ላይ እናውለው እላለሁ።

የመጀመሪያው ሬዲዮ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ኤፍ ኤምም መካከለኛ ሞገድም ያለው ትንሽ ሬዲዮ ገዝተን ስልክ ለተከለከሉት እንስጥ። ስልክ ሲያዩ የሚቆጡ አሠሪዎች ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ቢያዩ ብዙዎቹ ምንም አይሉም። ሬዲዮ ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ፋቱራ አይመጣበትም፣ ማን እንደሰማውም አያውቅም። አጠቃቀሙን ልንገራችሁ። በኤፍ ኤም ሲሆን አንቴናውን መዝዙት። በመካከለኛ ሞገድ ሲሆን ግን አንቴናው ውስጡ ስለሆነ መዘዛችሁትም አልመዘዛችሁትም ለውጥ የለውም፤ ሬዲዮውን ራሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ አንድ ጎን ላይ ይጠራል። መስኮት አጠገብ አድርጉት። ከፍሪጅ፣ ከስልክ ቻርጀርና ከአምፖል አርቁት፤ ያ "ዝዝዝ" የሚለው ከእነሱ ነው የሚመጣው። ዶውላ ሲጠፋ ደግሞ ከመቼውም በላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሁለተኛው ቃል ነው። ሬዲዮ ይዞ ቋንቋውን አለመስማት ባዶ ድስት መክደን ነው። እነዚህን ቃላት ጽፋችሁ ወጥ ቤት ለጥፉ፣ ለጎረቤታችሁም አስጠኑ። "ዓጂል" አስቸኳይ ወሬ ነው። "ኢኽላ" ልቀቁ። "ጋራ" የአውሮፕላን ድብደባ ነው፤ ተራራ መስሏችሁ እንዳትዘናጉ። "መብና" ሕንጻ። "መልጃ" መጠለያ። "ታሪቅ መቅጡዓ" መንገዱ ተዘግቷል። "ሳልኬ" መንገዱ ክፍት ነው። ይህን የመጨረሻውን ተይታ ናት ያስተማረችኝ። በእነሱ ጦርነት ጊዜ፣ በ1975 ግድም፣ ሸሪፍ አል አኸዊ የሚባል ሰው በሬዲዮ ሊባኖስ ቁጭ ብሎ የትኛው መንገድ ተኳሽ እንዳለበት፣ የትኛው "ሳልኬ ወ አምኔ"፣ ማለትም ክፍትና ሰላም እንደሆነ ይናገር ነበር። ሰው ከቤቱ የሚወጣው እሱን ሰምቶ ነው። የሀብታምም የድሃም፣ የዚህም ሰፈር የዚያም ሰፈር ሰው ነፍሱን ያተረፈው በዚያ ድምጽ ነው ትላለች።

ሦስተኛው፣ ፈቃድ ያለው ጣቢያ እንለምን። ፈቃድ ካላቸው የዚህ አገር ጣቢያዎች አንዱ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ ቢሰጠን፣ በአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሆን፣ ጣራ ላይ ከምንዘረጋው ሽቦ መቶ እጥፍ ይበልጣል። እምቢ ሊሉን ይችላሉ። ያው እምቢታ ለምደናል። ከሚረዱን ጠበቆች ጋር ደብዳቤውን እጽፋለሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አነብላችኋለሁ፣ የምታስተካክሉትን አስተካክሉ።

አራተኛውና ለእኔ ዋናው በረንዳ ነው። ያን ሌሊት ሬዲዮው የደረሰው እኔና ተይታ ጋ ብቻ ነው። ማዶ ያሻገረው የእኔ ጩኸት ነው። እስቲ አስቡት፤ ምንጣፍ ስናራግፍ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ውሻ ስናንሸራሽር፣ ቆሻሻ ስናወርድ የማንደርስበት ሕንጻ አለ? የአሜሪካኖቹ የ10 ዋት ጣቢያ መንገድ ዳር ያለውን ለሚያልፈው ይነግራል። እኛም እንደዚያ ነን፤ ለሰፈራችን እንበቃለን። ስልክ ያላት ሦስት በረንዳ ትያዝ። ስማቸውን ትወቅ፣ በር የሚቆለፍባት የትኛዋ እንደሆነች ትወቅ፣ የናጡሩን ስም ትወቅ፣ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ትወቅ። ይህን ለማድረግ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ገንዘብም አያስፈልግም። ነገር ግን ስማቸውን ወረቀት ላይ አትጻፉ፣ በቡድን መልእክትም አትላኩ። በልባችሁ ያዙት።

አንዳንዶቻችሁ "ፈሪ ናት" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ እፈራለሁ። አንዲት እህት በእኛ ሐሳብ ስትታሰር ማየት እፈራለሁ። ሐሳቡን ያመጣችው ልጅም ሳስረዳት መጀመሪያ ተቀየመችኝ፤ በኋላ "እሺ፣ ሬዲዮ የምንገዛ ከሆነ የመጀመሪያውን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ" አለች። እንዲህ ያለች ሰው ስላለችን ደስ ይለኛል።

ያቺ ማዶ ያለችው ልጅ አሁንም እዚያው ናት። ኮንትራቷ አላለቀም። ስልክ አሁንም አልሰጧትም። ቁልፉ ግን አሁን ናጡሩ ጋ እንዳለ ታውቃለች፣ "ኢኽላ"ን ታውቃለች፣ ጠዋት ጠዋት ልብስ ስታሰጣ "ምን አለ ሬዲዮው?" ትለኛለች። ምንም ባይኖርም "ሳልኬ" እላታለሁ። ትስቃለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔው የሁላችንም ነው፤ በእጅ ብልጫ እንወስናለን። ስትመጡ ግን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፦ ከመስኮታችሁ ስንት እህት እንደምትታያችሁ ቆጥራችሁ ኑ።